ለአሮጌ ላፕቶፕ የቱን ቪዲዮ ማጫወቻ ልጫን? ጥያቄውና 23ቱ ምላሾች

ይህን የውይይት ክር የከፈተችው ከደሴ የምትጽፍ እህት ናት። ያገለገለ ላፕቶፕ አላት፤ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ3፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ ዊንዶውስ 10። ችግሯ ሁለት ነው። በፍላሽ የምትቀበላቸው አዳዲስ ፊልሞች ሲከፈቱ ድምፁ ይቀጥላል፣ ምስሉ ግን እየተንቀረፈፈ ወደ ኋላ ይቀራል። አማርኛ ሰብታይትል ስትጨምርበት ደግሞ በፊደላቱ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ይወጣሉ። የምትጠቀመው ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ ነው። እሱን አጥፍታ ምን እንድትጭን ነው የጠየቀችው። ይህ ጥያቄ እዚህ መድረክ ላይ በየጊዜው ይነሣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሁሉም የየራሱን ምርጫ ጥሎ ይሄድና ጠያቂው እንደነበረ ይቀራል። ይህኛው ክር ግን የሚቆይ ቁም ነገር ስላወጣ፣ ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው በቅደም ተከተሉ ልተርከው። የራሴንም አስተያየት በየቦታው እጨምራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ ሰጪ ሰላምታ አስቀድሞ ፖትፕሌየርን እንድትሞክር መከራት። ኮሪያ ሠራሽ መሆኑን፣ ዊንዶውስ ላይ ብቻ እንደሚሠራ፣ ክፍያ እንደሌለውና የማስተካከያው ዓይነት ተቆጥሮ እንደማያልቅ ዘረዘረ። 2ኛው ኤምፒሲ-ኤችሲን አስቀደመ፤ የአሮጌ ኮምፒውተር ባለቤት ከሁሉ በፊት ቀላል ፕሮግራም መፈለግ አለበት ባይ ነው። ትንሽ ታሪክም አከለበት፤ የመጀመሪያው ሚዲያ ፕሌየር ክላሲክ በ2003 ወጣ፣ የኤችሲው ቡድን በ2017 ሥራውን አቆመ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው የምንጭ ኮዱን ተረክቦ እያደሰው ነው።

3ኛዋ የቪኤልሲ ወዳጅ ናት። በኤኮል ሴንትራል ፓሪስ ተማሪዎች እጅ በ1996 የተጀመረ፣ በ2001 ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ፣ ከዚያ ጀምሮ ያለ ማስታወቂያና ያለ ክፍያ እስካሁን የዘለቀ ሥራ በአንድ ፊልም መንቀርፈፍ ምክንያት እንዴት ይጠፋል ብላ ተከራከረች። ስሜቷ ይገባኛል። ግን ይህም ቢሆን ለደሴዋ እህት መልስ አልሆናትም።

4ኛው ሰው ሌላ መንገድ ያዘ። ሦስቱንም ሳይነቅፍ፣ ፋይሉ በምን ኮዴክ (ቪዲዮን በማመቂያና በመፍቻ ስልት) እንደታመቀ ሳይታወቅ ማጫወቻ መምረጥ ሕመምተኛው ሳይታይ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው አለ። ፊልሙ እየሄደ ኮንትሮልን ይዛ ጄን እንድትጫን፣ የኮዴኩን ስምና የምስሉን መጠን አንብባ እንድትነግራቸው ጠየቃት። እዚያው መስኮት ውስጥ ስታቲስቲክስ በሚለው ገጽ ላይ የጠፉ ፍሬሞች (ቪዲዮውን የሚሠሩት ነጠላ ምስሎች) ቁጥር እየጨመረ መሆን አለመሆኑን እንድታይ፣ የቪኤልሲዋን እትም ቁጥርም እንድታክል አሳሰባት። 5ኛው ምላሽ የራሷ ነው። ኮዴኩ ኤች 265፣ ምስሉ 1080፣ የጠፉት ፍሬሞች ያለማቋረጥ የሚጨምሩ፣ ቪኤልሲው ደግሞ 2.2 ሆኖ ተገኘ፤ እሱንም ከጓደኛዋ በፍላሽ የወሰደችው ነው።

6ኛው ምላሽ የክሩ አጥንት ነው፤ ቀስ ብዬ ላስረዳው። ሁለተኛው ትውልድ ኮር አይ3 የወጣው በ2011 ነው። ኤችኢቪሲ የሚባለው ኤች 265 የጸደቀው በ2013። ስለዚህ በዚያ ላፕቶፕ ግራፊክስ ውስጥ ኤች 265ን የሚፈታ ክፍል የለም፤ ሲሠራም አልታሰበለትም። የቀደመው ኮዴክ፣ ኤች 264፣ ሲሆን ግራፊክሱ ሸክሙን ይቀበላል፣ ፕሮሰሰሩም ያርፋል። ኤች 265 ሲመጣ ግን እያንዳንዱን ፍሬም ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይፈታል፤ ያ ፕሮሰሰር ደግሞ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። ሰውየው ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙዎቻችን የማናስበው ነው። ቪኤልሲም፣ ኤምፒቪም፣ ፖትፕሌየርም፣ ኤምፒሲ-ኤችሲም ከላይ መልካቸው ይለያይ እንጂ ከውስጥ አብዛኛውን የመፍታት ሥራ የሚሠሩት በአንድ የጋራ ቤተ መጻሕፍት (ፕሮግራሞች በሚዋሱት የኮድ ስብስብ) ነው፤ ኤፍኤፍኤምፔግ ይባላል፣ በ2000 የጀመረው ፋብሪስ ቤላርድ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። እንግዲህ ማጫወቻ መቀያየር ብዙውን ጊዜ ያው ሠራተኛ ላይ ሌላ ልብስ ማልበስ ሆኖ ይቀራል። አዲስ እትም አዲስ ፈቺ ይዞ ስለሚመጣ ትንሽ ሊያቀልላት ይችላል፤ ተአምር ግን እንዳትጠብቅ መከራት። መፍትሔው ፋይሉ ላይ ነው፤ ያንኑ ፊልም በኤች 264፣ በ720 መጠን ማግኘት።

እኔም ከዓመታት ጀምሮ የምለው ይህንኑ ነው። ሰው ማጫወቻውን ይወቅሳል፣ ያጠፋዋል፣ ሌላ ይጭናል፣ ያንንም ይወቅሳል። ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ይህን ፋይል የሚፈታው ግራፊክሱ ነው ወይስ ፕሮሰሰሩ?

ክሩ መሞቅ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። 7ኛው ምላሽ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ተመልሶ መጣና ይህ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ እንደሆነ፣ በእሱ ቤት ቪኤልሲ ላይ የተንቀረፈፈ ፊልም ፖትፕሌየር ላይ እንደ ውኃ እንደፈሰሰ ተናገረ፤ ያልሞከሩት ሰዎች ባያወሩ እንደሚሻልም ጨመረበት። 8ኛዋ አላለፈችውም። ላፕቶፑ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ጠየቀችው፣ ስምንተኛ መሆኑን ራሱ ቀደም ሲል በሌላ ክር ላይ መጻፉንም አስታወሰችው። ከሰባተኛው ትውልድ ጀምሮ የኢንቴል ግራፊክስ ባለ 10 ቢት (ቀለሙ ይበልጥ የረቀቀ) ኤች 265ን ሳይቀር ይፈታል፤ እሱ ያየው ልዩነት አንዱ ማጫወቻ ግራፊክሱን ሲጠቀም ሌላው አሮጌ እትም ስለነበረ አለመጠቀሙ ነው። በደሴዋ ላፕቶፕ ላይ ግን የሚጠራ ክፍል የለም። አነጋገሯ ትንሽ ከረር ያለ ነበር፤ ነገሩ ግን ትክክል ነው።

9ኛው ኮምፒውተር በመጠገን የሚተዳደር ሰው መሆኑን ገልጾ፣ ለማንኛውም ደንበኛ መጀመሪያ የሚጭነው የኮዴኮች ጥቅል የሆነውን ኬ-ላይት ኮዴክ ፓክን እንደሆነ፣ እሱን ከጫነች ቪኤልሲም እንደሚስተካከልላት አረጋገጠላት። 10ኛው በአንድ አንቀጽ አፈረሰው። ቪኤልሲ ኮዴኮቹን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ዊንዶውስ ላይ የተጫነውን ዞሮም አያይም። የኮዴክ ጥቅል የሚረዳው ከዊንዶውስ ኮዴክ ለሚዋሱት፣ እንደ ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር ላሉት ነው። በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር፤ ባለሙያ ነኝ ማለት ሰውን አያሳምንም ብሎ መጨመሩ ግን ያለ ቦታው ነው። ጥገና ቤት የሚውል ሰው በቀን የሚያየውን የችግር ዓይነት እኛ በዓመት አናየውም፤ ልምዱ የተሠራው ሁሉም በኮዴክ ጥቅል በሚሠራበት ዘመን ነው።

11ኛው ምላሽ ጠቡን ያበረደ ይመስል ወደ ቪሲዲ ዘመን ወሰደን። የአማርኛ ዘፈንና ድራማ በሁለት ሲዲ ተከፍሎ የሚሸጥበትን ጊዜ፣ ሲዲው ሲቧጨር ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን እየተበጣጠሰ የሚቆምበትን አስታወሰ። ጥያቄም ነበረው፤ በቤቱ የተቀመጡትን ቪሲዲዎች ወደ ሃርድ ዲስክ ሲገለብጥ ዳት የሚል ቅጥያ ያላቸውን ፋይሎች በምን ይክፈታቸው? 10ኛው ሰው፣ ያ የተቆጣው፣ እዚህ ላይ በትዕግሥት መለሰለት (12ኛው ምላሽ ነው)። ውስጡ ተራ ኤምፔግ-1 ነው፣ ቪኤልሲ እንዳለ ይከፍተዋል፣ ለየትኛውም አሮጌ ኮምፒውተር አይከብድም። ሲዲዎቹ ሳይበላሹ ዛሬውኑ እንዲገለብጣቸውም ለመነው። እኔም እለምናለሁ። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያሉ የሠርግና የለቅሶ፣ የማኅበርና የትምህርት ቤት ሲዲዎች ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ከዚያ በ13ኛው ምላሽ የጥገናው ሰው፣ ያው 9ኛው፣ ተመለሰ። በቪኤልሲ ላይ ያለው ቅሬታ ሌላ ነው፤ ድምፁን ከመቶ በላይ ስለሚያስኬድ የላፕቶፕ ስፒከር ያቃጥላል፣ በእጁም ብዙ እንዲህ የሆኑ አልፈዋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ዘለቁበት፤ አንዱ ሶፍትዌር ሃርድዌርን ሊያቃጥል እንዴት ይችላል አለ፣ ሌላው ልክ ነው የኔም ተቃጥሏል አለ (14ኛና 15ኛ)። ሁለቱም ግማሹን ይዘዋል። ከመቶ በላይ ያለው ጭማሪ ቁጥርን በቁጥር ማብዛት ነው፤ ማጉያው ከራሱ አቅም በላይ ኤሌክትሪክ አያወጣም። ነገር ግን ሞገዱ ጣሪያ ሲነካ አናቱ ይቆረጣል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ትንሿ ስፒከርም ለረጅም ጊዜ በሙሉ ኃይል ስለምትቆይ ትግላለች። አሮጌዎቹ እትሞች እስከ 200 በመቶ ይፈቅዱ ነበር፤ የአሁኑ መጎተቻ 125 ላይ ይቆማል። ከሁለቱ አንዳቸውም ያላነሡት ግን ሰው ለምን ድምፁን እንደሚጨምር ነው። ፊልሞቹ አብዛኞቹ ባለ ስድስት ቻናል ድምፅ ናቸው፤ ንግግሩ በመካከለኛው ቻናል ይቀመጣል፣ ወደ ሁለት ስፒከር ሲጨመቅ ሙዚቃውና ፍንዳታው ይውጠዋል። ቪኤልሲ ውስጥ የድምፅ ማስተካከያው ላይ ኮምፕረሰር የሚል፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያቀራርብ አለ፤ እሱን ማብራት ከመቶ በላይ ከመግፋት ይሻላል።

16ኛው ምላሽ ሁለተኛዋን ጥያቄ፣ ሰብታይትሏን፣ አንሥቶ ሁላችንንም ወደ መስመር መለሰን። ከክሩ አንድ ነገር ታትሞ ይለጠፍ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። አማርኛው ሲበላሽ ምን ሆኖ እንደወጣ በደንብ እዪ ይላል፤ አራት ዓይነት ነው፣ የአራቱም ምክንያት ይለያያል።

ባዶ ሳጥን ከሆነ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ቪኤልሲ ሲጫን የሚመርጠው አሪያል የግዕዝ ፊደል የለውም። በፌብሩዋሪ 2018 የወጣው 3.0 ፊደሉን ከሌላ ፎንት ፈልጎ ያመጣል፤ 2.2 ግን ሳጥን ዘርግቶ ያልፋል። ዊንዶውስ 10 ውስጥ ኢብሪማ የሚባል ግዕዝ ያለው ፎንት ተጭኖ ስለሚገኝ፣ እትሟን ማደስ ካልቻለች በሰብታይትል ማስተካከያው ገጽ አሪያልን በኢብሪማ ትቀይር። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ማጫወቻውን አትውቀሽ። ሰብታይትሉን የጻፈው ሰው በኖትፓድ አንሲ በሚባለው አቀማመጥ አስቀምጦታል፤ ፊደሎቹ ያኔውኑ ጠፍተዋል፣ የሚመልሳቸው የለም። ኖትፓድ ራሱ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘውን አቀማመጥ፣ ዩቲኤፍ-8ን፣ መነሻው ያደረገው በ2019 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት በተሠሩት ላይ ይህ ብዙ ይታያል። ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ሆኖ፣ መጀመሪያው አናቱ ላይ ጭረት ያለበት ላቲን ኤ እየሆነ የሚመጣው ነው። ይህ ዩቲኤፍ-8 የሆነው ጽሑፍ በምዕራብ አውሮፓ አቀማመጥ ሲነበብ የሚሆነው ነው፤ ማስተካከያው ላይ ዩቲኤፍ-8 ሲመረጥ ይድናል። አራተኛው ተራ የላቲን ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ሲወጣ ነው። ያ በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ በስተቀር በየትኛውም ማጫወቻ አይነበብም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም፣ በድሮው መንገድ መጻፉ ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ቆይቷል።

አማርኛ ሰብታይትል የሚሠሩ ሰዎች የሚከፍላቸው የለም። ሌሊታቸውን ሰጥተው፣ ሰከንድ በሰከንድ አስተካክለው የለቀቁት ሥራ በአንድ የማስቀመጫ ምርጫ ምክንያት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሲቀር ያሳዝነኛል። የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ ዩቲኤፍ-8 አድርጉት፣ ከመልቀቃችሁም በፊት በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩት።

17ኛዋ ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነው የምትጽፈው። እናቷ የሚያነቡት አማርኛ ብቻ ነው፤ ልጆቿ ደግሞ የሚቀላቸው ዕብራይስጥ ነው። ፊልም አብሮ ማየት በየሳምንቱ ክርክር ነበር፤ አንዱ ሲደሰት ሌላው ጥሎ ይነሣል። ኤምፒቪ ሁለት ሰብታይትል በአንድ ጊዜ ማሳየት እንደሚችል ስትሰማ ዕብራይስጡን ከታች፣ አማርኛውን ከላይ አድርጋ አሁን ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ቪኤልሲ 3.0 ይህን አይችልም። ስለ ማጫወቻ ምርጫ ከተባለው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፤ ማጫወቻው የተመረጠው ቤት ውስጥ ላሉት ሰዎች ነውና። 18ኛው ግን ኤምፒቪ ሜኑ የሌለው፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ፋይል የሚታዘዝ፣ ለተራ ሰው የማይሆን ነው ብሎ ተቃወመ። 17ኛዋን፣ «እማማን እንዴት ነው ትእዛዝ የሚያጽፏቸው?» ብሎ መጠየቁ ደግሞ አላስፈላጊ ነበር። 19ኛው ሁለቱን አስታረቀ፤ ኤስኤምፕሌየር ከውስጥ ኤምፒቪን ይዞ ከላይ የተለመደ ሜኑ አለው፣ ሁለተኛ ሰብታይትልም በመዳፊት ይመረጥበታል፣ እያንዳንዱን ፋይል የት ላይ እንደተውሽውም ያስታውሳል። መብራት ድንገት ጠፍቶ ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር ሲዘጋ ግን ይህኛው ትዝታ ላይመዘገብ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ ፕሮግራሙ የሚመዘግበው በሥርዓት ሲዘጋ ነው።

በ20ኛው ምላሽ አንድ ሰው ሁሉንም ትታ በዊንዶውስ ቦታ ሊነክስ የሚባለውን ሥርዓት እንድትጭን አዘዘ። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ነጻ ድጋፍ በኦክቶበር 14፣ 2025 ማብቃቱን ጠቅሶ፣ ይህን እያወቀ ዊንዶውስ ላይ የሚቀር ሰው የሚደርስበት ሁሉ ይገባዋል እስከማለት ደረሰ። ስለ ቀኑ ልክ ነው። ስለ ቀረው 3ኛዋ መለሰችለት፤ ሰው ፊልም እንዴት ልይ ብሎ ሲጠይቅ ቤትህን አፍርስ አይባልም፣ ደግሞም ጠያቂዋ የምትሠራበት የአማርኛ መጻፊያ ዊንዶውስ ላይ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ ይጠየቃል አለች። በዚሁ 21ኛ ምላሽ ላይ ግን ሁላችንም የዘለልነውን አነሣች። ከሰው ፍላሽ ማጫወቻ መውሰድ ራሱ አደጋ ነው። በሜይ 2017 ቼክ ፖይንት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ፣ ሆን ተብሎ የተበላሸ የሰብታይትል ፋይል ቪኤልሲንና ኮዲን ጨምሮ በአራት ማጫወቻዎች በኩል ኮምፒውተር ሊያስማርክ እንደሚችል አሳይቷል፤ ቪኤልሲ ያን ጊዜ ቀዳዳውን ደፍኗል፣ አሮጌውን 2.2 የያዘ ሰው ግን ቀዳዳው እንዳለ ሊሆን ይችላል። ፍላሽ ላይ ያለ ፊልም ሾርትከት ሆኖ ከታየ ወይም ቅጥያው ኤክስኢ ከሆነ ፊልም አይደለም፤ አይከፈትም። ቪኤልሲን ከአዘጋጁ፣ ከቪዲዮላን፣ ከራሱ ገጽ ማውረድ ነው፤ ከ40 ሜጋባይት ትንሽ ይበልጣል፣ ለአንድ ቀን ፓኬጅ የማይከብድ ነው።

22ኛው ምላሽ የጠያቂዋ ነው። ቪኤልሲን ከገጹ አውርዳ ወደ 3.0 አሳድጋለች። ሳጥኖቹ ጠፍተው አማርኛው ተነቧል። ኤች 265 የሆነው ፊልም ከበፊቱ ቢሻልም ሩጫ ያለበት ትዕይንት ሲመጣ አሁንም ይንቀረፈፋል፤ ያንኑ በኤች 264 በ720 ስትቀበል ግን አንድም ፍሬም አልጠፋም። ሁሉንም አመሰገነች፣ 9ኛውንም ለይታ። ከዚያ አዲስ ጥያቄ አከለች፤ ገንዘብ እያጠራቀመች ነው፣ ሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዛ ምን አይታ ትግዛ?

የመጨረሻውን፣ 23ኛውን፣ የጻፈው 9ኛው የጥገና ሰው መሆኑ ደስ ብሎኛል። ሻጭ አይ5 ወይም አይ7 ሲላት በስሙ እንዳትረካ፣ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እንድታነብ ነገራት፤ የቁጥሩ መጀመሪያ ትውልዱን ይናገራል፣ 7ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ (8፣ 9፣ 10 እያለ) ከሆነ ባለ 10 ቢት ኤች 265 ይፈታል፣ ኤቪ1 የሚባለውን አዲሱን ከፈለገች ደግሞ 11ኛ ትውልድ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ያ የሚያስቸግራትን ፊልም በፍላሽ ይዛ ትሂድ፣ ሱቁ ውስጥ ትክፈተው፣ ታስክ ማኔጀርን ከጎን ከፍታ በግራፊክሱ ገጽ ቪዲዮ ዲኮድ የሚለውን መስመር ትመልከት። መስመሩ ከፍ ብሎ ፕሮሰሰሩ ካረፈ ትክፈል፤ መስመሩ ዜሮ ላይ ተኝቶ ፕሮሰሰሩ ከተጨናነቀ ሻጩ ምንም ቢል ሌላ ሱቅ ትሂድ።